አርክቲክ፦ መርዙ የተለካበት ምግብ ይከልከል ወይስ ይበላ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምግብ ላቦራቶሪ ናሙና መርማሪ ነኝ። ሰሞኑን በአርክቲክ፣ ማለትም በምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ስለሚካሄደው የመርዛማ በካዮች ክትትል የተጻፉ ሪፖርቶችን ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ስላለ ወደ እናንተ ይዤው መጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1991 ስምንት አገሮች በፊንላንዷ ሮቫኒየሚ ከተማ ተሰብስበው የአርክቲክን ብክለት በጋራ የሚከታተልና የሚገመግም፣ በምኅጻረ ቃል አማፕ የሚባል ፕሮግራም አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ በአየሩ፣ በበረዶው፣ በዓሣው፣ ሲል በሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ በነጩ ድብ ጮማና በነፍሰ ጡር እናቶች ደም ውስጥ ሜርኩሪ፣ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒሲቢ፣ ፀረ ተባዩ ዲዲቲና የመሳሰሉት መርዞች ምን ያህል እንደሆኑ ይለካል፤ የሰውን ጤና የሚመለከት ወፍራም ሪፖርትም በየጥቂት ዓመቱ ይወጣል። ሲልና ዓሣ ነባሪ አድነው የሚበሉት የኢኑይት ሕዝቦች በደማቸው የሚሸከሙት መጠን በደቡብ ከሚኖሩት ያገራቸው ሰዎች እጅግ እንደሚበልጥ ከመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች ጀምሮ የታወቀ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ናሙና ከተፈቀደው ልክ ካለፈ ጭነቱ ይታገዳል፤ ያንኑ ምግብ ሰው እየበላው ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብለን አንለካውም። የአርክቲክ ምግብ መርዝ እንዳለበት ይህን ያህል ከታወቀ ታዲያ ለምን በግልጽ አይከለከልም? በእኔ እምነት ሳይከለክሉ መለካት ኃላፊነትን መሸሽ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ።

ይህን የጻፍሁት እሑድ ማታ ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ ሃያ ምላሾች መጡ። ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር ምላሾቹን እንደየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ጠቅልዬ አቀርባለሁ፤ የተሰነዘረብኝንም አልደበቅሁም።

1ኛ። የመጀመሪያው መላሽ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ለጥያቄዬ ካመሰገኑ በኋላ እርስዎ እያሉ በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ፋብሪካ በሌለበት፣ እርሻ በማይታረስበት፣ ፀረ ተባይ በማይረጭበት አገር ይህ መርዝ ከየት መጣ? ምንጩ ሳይታወቅ ስለ ክልከላ መነጋገር፣ በእሳቸው ሚዛን፣ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

2ኛ። መልሱን የሰጡት በባሕር ዳር ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድሁትም ይህን ምላሽ ነው። እናታቸው አረቄ ያወጡ ነበርና ነገሩን በእናታቸው ጓዳ አስረዱት። ከሥሩ እሳት የሚነድበት ማሰሮ አለ፤ ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት በመቃው ውስጥ ያልፍና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ምድርም እንዲሁ ናት። ሞቃታማዎቹና ፋብሪካ የበዛባቸው አገሮች ማሰሮው ናቸው፤ አርክቲክ ደግሞ ቀዝቃዛው ዕቃ። በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የነበረው ፒሲቢም ሆነ በማሳ ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ ሙቀት ሲያገኘው በከፊል ይተንና በነፋስ ይጓዛል፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይወርዳል፤ እንደገና ሲሞቅ ይነሣል። ተመራማሪዎቹ ይህን እየተነሡ መውረድ የፌንጣ ዝላይ ይሉታል። ፌንጣው በመጨረሻ የሚያርፈው ተመልሶ ለመነሣት የሚያበቃ ሙቀት በማያገኝበት አገር ነው። እዚያም ፀሐይና ሙቀት ስለሚያንሱ መርዙ ቶሎ አይበሰብስም።

3ኛ። አንድ ሌላ ተሳታፊ፣ ጠንከር ባለ የማረም ቃና፣ የአረቄው ምሳሌ ግማሽ መንገድ ብቻ እንደሚወስድ ጻፈ። አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ሜርኩሪ በጋዝ መልክ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በአየር ላይ ስለሚቆይ በየትኛውም አኅጉር የወጣ ጭስ ዋልታው ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። በ1995 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው የአለርት ጣቢያ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ፦ ከረጅሙ የክረምት ጨለማ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ በአየሩ ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ በሰዓታት ውስጥ ድራሹ ጠፋ። የጠፋው ግን ከመለኪያው እንጂ ከምድር አልነበረም፤ ከባሕር ጨው የሚነሣ ብሮሚን በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ጋዙን ወደሌላ መልክ ይለውጠውና በረዶው ላይ ይወርዳል። ከዚያ የተረፈው ሥራ የረቂቅ ሕዋሳት ነው፤ የተወሰነውን ሜርኩሪ በሕያዋን አካል ውስጥ ወደሚከማቸውና ለአንጎል አደገኛ ወደሆነው ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። በመጥበሻና በውኃ በማይዘልቀው ልብስ የምናውቃቸው የፒፋስ ኬሚካሎች ደግሞ ከአየሩ ሌላ በውቅያኖስ ጅረትም ይጓዛሉ።

4ኛ። መምህርቷ እርማቱን በአንድ መስመር ተቀበሉ።

5ኛ። የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ ያለው ተሳታፊ ደግሞ የሳተው ነገር ከመንገዱ ይልቅ የእኔ አባባል መሆኑን አሳየኝ። የአርክቲክ ምግብ ብዬ በአንድ ስም መጥራቴ ራሱ ስሕተት ነው አለ። በባሕሩ ውኃ ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን ኢምንት ነው። ያን ኢምንት ደቃቅ ነፍሳት ይለቅሙታል፣ እነሱን ትንንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል፣ ዓሦቹን ሲል፣ ሲሉን ነጭ ድብ ይበላዋል፤ በየደረጃው የሚበላው የበላውን መርዝ ሳያስወግድ እያጠራቀመ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሁለቱ ዓይነት መርዞችም መቀመጫቸው ለየቅል ነው። ፒሲቢና ዲዲቲ በጮማ ውስጥ ይሟሟሉ፤ በዚያ ብርድ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጋቢያቸውም ስንቃቸውም ጮማቸው ስለሆነ የመርዙ ጎተራ እሱ ይሆናል። ሜርኩሪው ግን በቀይ ሥጋው፣ በጉበቱና በኩላሊቱ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የነጭ ድብ ጮማ፣ የሲል ጉበትና የቤሉጋ ዓሣ ነባሪ ሥጋ በአንድ ወገን ሲሰለፉ፣ አርክቲክ ቻር የሚባለው ቀይ ሥጋ ያለው ዓሣ፣ ሣርና የድንጋይ ሽበት የሚግጠው ካሪቡ የተባለው አጋዘንና የዱር እንጆሪው በሌላ ወገን ናቸው። መርማሪ ሆኜ ናሙናውን በስሙ አለመጥራቴ እንደሚያስደንቀው በጨዋነት፣ ግን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ደንግጫለሁ፤ እውነቱን ነው።

6ኛ። ይህ ምላሽ የክትትሉን አጀማመር የሚያስታውስ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤሪክ ደዋይ የተባለው በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ሐኪም የእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለውን ፒሲቢ ሲያጠና ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ፣ ከብክለት ንጹሕ ናቸው የሚባሉ እናቶች ፈለገ። በኩቤክ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘውን፣ ከኢንዱስትሪ የራቀችውን ኑናቪክን መረጠና ከኢኑይት እናቶች ወተት ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ የንጹሖቹ ወተት በደቡብ ኩቤክ ካሉት እናቶች በአምስት እጥፍ ያህል የበለጠ ፒሲቢ ነበረበት። ጸሐፊዋ በዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ጨምራለች። በካናዳ አርክቲክ በባፊን ደሴት አጠገብ በምትገኝ ብሮተን በተባለች ትንሽ ደሴት በዚያው ዘመን የተደረገው ጥናት ሳይብራራ በጋዜጣ ሲወጣ ነዋሪዎቹ የፒሲቢ ሰዎች የሚል ስም ተለጠፈባቸው፤ ጎረቤት መንደሮችም ዓሣቸውን ለመግዛት አመነቱ። መርዙ ሳይገድላቸው ወሬው አገለላቸው ማለት ነው። ሐኪሞቹ እንኳ እናቶቹን ጡት ማጥባት እንዲያቆሙ አልመከሯቸውም፤ ከሁለቱም ወገን የሚገኘው ጥቅምና ጉዳት ሲመዘን ማጥባቱ ይበልጥ ነበርና።

7ኛ። ክሩ እስከዚህ ድረስ በሰላም ከሄደ በኋላ አንድ ተሳታፊ ብቅ ብሎ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን አለ። የራሳችን ሕፃናት በምግብ እጦት እየቀነጨሩ ስለ ነጭ ድብ ጮማ መጨነቅ ቅንጦት ነው ብሎ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

8ኛ። የዓሣ ባለሙያው መለሰለት። ኢትዮጵያ ዲዲቲን ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት ስትረጭ ኖራለች፤ አዳሚ ቱሉ ያለው ፋብሪካም ያዘጋጀው ነበር። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በዝዋይና በሐዋሳ፣ ዓሦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዲዲቲና ከእሱ የሚመነጩት ውሕዶች ተገኝተዋል፤ በጅማ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ ደግሞ በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ። ማሰሮው እኛም ዘንድ ተጥዷል ማለቱ ነው። ከዚያም እኔ ፈጽሞ የማላውቀውን ነገር ነገረን፦ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከየመጋዘኑ የተለቀሙ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች፣ 1500 ቶን የሚያህሉ፣ በመርከብ ተጭነው በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠሉ ተልከዋል፤ የተላኩትም ወደ ፊንላንድ ነው። የአርክቲክ ክትትል የተጠነሰሰባት አገር መሆኗን ልብ በሉ።

9ኛ። ይሄኔ ወሬው ወደ ቡና ዞረ። በ2008 ጃፓን በቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ጭነቱን ስትመልስ የደረሰውን ኪሳራ፣ ጥርጣሬውም በጆንያዎቹ ላይ እንደነበረ አንድ የቡና ነጋዴ በሰፊው ተረከ። ነገሩ ከእኔ ሙያ ጋር የቀረበ ስለሆነ ልመልስለት ስል ራሴን ገታሁ።

10ኛ። እንስሳት ሐኪሙ በጨዋ ቃል ወደ አርክቲክ መለሱን።

11ኛ። ከዚህ ምላሽ በኋላ የክሩ መልክ ተለወጠ። ጸሐፊው አሁን በካናዳ ኤድመንተን የሚኖር፣ ቀደም ሲል ግን የዚያው አገር ሰሜናዊ ግዛት በሆነችው በኑናቩት ዋና ከተማ በኢቃሉይት አራት ዓመት ታክሲ የነዳ ወገናችን ነው። ከደቡብ ወደዚያ የሚያስገባ መንገድ የለም፤ እቃው በአውሮፕላን፣ በበጋ ደግሞ በመርከብ ነው የሚገባው። አንድ ትንሽ ከረጢት ወይንና ጥቂት ቲማቲም ገዝቶ የከፈለውን ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ያመዋል። አዘውትረው የሚሳፈሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ልጃቸው ካደነው የቤሉጋ ቆዳ ከነጮማው፣ እነሱ ማታክ የሚሉትን፣ በጨረቃ ቅርጽ በተሠራው ኡሉ በሚባል የሴቶች ቢላዋ ቆርሰው አጎረሱት። ጥሬ ሥጋ ባይለምድ ኖሮ እንደሚከብደው፣ ቁርጥ ያሳደገው ሰው በመሆኑ ግን አፉን እንዳላሳፈረው ጻፈ። ያ ቆዳ ቪታሚን ሲ እንዳለበት፣ ጎመን በማይበቅልበት አገር ሕዝቡን ከድድ መድማት ያዳነውም እሱ መሆኑን በኋላ ነው የተማረው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በ2007 እና በ2008 በተደረገው የኢኑይት ጤና ቅኝት በኑናቩት ከአሥር ቤተሰብ ሰባቱ ያህል የሚበሉት በአስተማማኝ ሁኔታ የማያገኙ ነበሩ። አዳኙ ያመጣውን ብትከለክላቸው በምትኩ የሚበሉት የታሸገ ብስኩት፣ ድንች ጥብስና ስኳር ያለበት መጠጥ ነው፤ የስኳር በሽታውም የልብ በሽታውም ከዚያ ይከተላል። አደኑ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ከአባቱ የሚማርበት፣ ጎረቤት የሚከፋፈልበት ነው። ተርበው የማያውቁ ሰዎች መከልከል ይቀላቸዋል የሚለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩ ለእኔ የተላከ ነበር። እስከዚያ እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው በዚህች ዓረፍተ ነገር አንተ አለኝ።

12ኛ። ኮፐንሃገን የምትሠራ ነርስ ለእኔ ደረሰችልኝ። በሰሜን አትላንቲክ ባሉት በፋሮ ደሴቶች የሆነውን ተመልከቱ አለች። እዚያ ሰዎች ፓይለት የሚባለውን ዓሣ ነባሪ በጋራ አርደው በነጻ ይከፋፈላሉ። ፓል ቫይሄና ፊሊፕ ግራንዣን የተባሉት ሐኪሞች በ1986 እና በ1987 የተወለዱ 1022 ልጆችን፣ ከእትብታቸው ደምና ከእናቶቻቸው ጠጉር ጀምረው ተከታተሉ። ልጆቹ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በማኅፀን ሳሉ ብዙ ሜርኩሪ የደረሰባቸው በቋንቋ፣ በትኩረትና በማስታወስ ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። በሽተኞች አልነበሩም፤ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ይጫወታሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ሲለካ ብቻ ነው። በ1998 ነፍሰ ጡሮችና ሊወልዱ ያሰቡ ሴቶች ከዓሣ ነባሪው እንዲታቀቡ ጥብቅ ምክር ወጣ፤ ሴቶቹም ሰሙ፣ በደማቸው የሚገኘው ሜርኩሪም ክፉኛ ቀነሰ። በ2008 ቫይሄና የደሴቶቹ ዋና ሐኪም ፓይለት ዓሣ ነባሪ ከእንግዲህ የሰው ምግብ ባይሆን ይሻላል እስከ ማለት ደረሱ። ከሕዝቡ ባህል ላይ እንዲህ የጨከኑት ባዕዳን አልነበሩም፤ ቫይሄ ራሱ የዚያው አገር ልጅ ነው።

13ኛ። የታክሲ ነጂው አልተቀበለውም። ፋሮ ውስጥ መንገድ አለ፣ ሱቅ አለ፣ በየቀኑ የሚጠመድ ኮድ ዓሣ አለ፤ ዓሣ ነባሪውን የተወ ሰው ማታ ራቱን አያጣም አለ። በዚህ መካከል ሦስተኛ ሰው፣ 14ኛው፣ ገብቶ በሲሼልስ ብዙ ዓሣ በሚበሉ እናቶች ልጆች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ክትትል ያን የመሰለ ጉዳት እንዳላሳየ አስታወሰ። ነርሷም ሲሼልሶች የሚበሉት ሜርኩሪው አነስ ያለ የባሕር ዓሣ እንጂ ዓሣ ነባሪ አለመሆኑን፣ የፋሮው ጮማ ፒሲቢም እንደነበረበት መልሳ፣ ባለሙያዎቹ በዚህ ልዩነት ላይ ለዓመታት መከራከራቸውን አመነች። ነርሷና የታክሲ ነጂው በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አወያዩ አንዱን መልእክት አጠፋው።

15ኛ። እኔ ነበርሁ። ይከለከል ያልሁትን መልሼ ወሰድሁ፤ ነገር ግን ለእናቲቱ ምንም አለመናገርም አይሆንም፣ ታዲያ ምን ይባላት ብዬ ጠየቅሁ።

16ኛ። ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። ጸሐፊዋ በሞንትሪያል በኅብረተሰብ ጤና የምትሠራ ናት። ኑናቪክ ውስጥም ልጆች ከእትብት ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ውጤቱ በ2011 ለሕዝቡ ሲነገር የአካባቢው ጤና ቦርድ የኢኑይት ምግብ ተመርዟል አላለም። ያለው እጅግ ጠባብ ነገር ነው፦ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ልጅ ለመውለድ የደረሱት የቤሉጋን ሥጋ፣ በተለይ ሜርኩሪው በድርቀት የሚከማችበትን ቋንጣውን፣ ይቀንሱ። ወንዶች፣ አረጋውያንና ከመውለድ ያለፉ ሴቶች እንደልማዳቸው ይብሉ። ማታኩም አልተነካም፤ ሜርኩሪው በሥጋው እንጂ በቆዳው ያን ያህል አይደለም፣ ቆዳው ሴሌኒየም በተባለው ጠቃሚ ማዕድን የበለጸገም ነው። በተጓዳኝ ለነፍሰ ጡሮች ቻር ዓሣ የሚታደልበት ሥራ ተጀመረ፤ ሜርኩሪው ጥቂት፣ ለፅንሱ አንጎል የሚጠቅመው ስብ ግን ብዙ የሆነ፣ ከዚያው ውኃ የሚጠመድ፣ ሕዝቡ ከጥንት የሚወደው ዓሣ ነውና። ማን፣ የቱን እንስሳ፣ የቱን ብልት፣ በምን ይተካ፤ እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ ምክር አይባልም አለች።

እዚያው ላይ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ነገር አነሣች። የኑናቪክ ልጆች እትብት ደም እርሳስ ሲበዛበት ብዙዎች እንደ ሌላው ከሩቅ በነፋስ የመጣ መሰላቸው። የእርሳሱ ዓይነት ሲመረመር ግን ወፍ ከሚታደንበት ጥይት የመጣ ሆኖ ተገኘ። በ1999 የእርሳስ ጥይት ሲታገድ የደሙ እርሳስ ወረደ። ስለዚህ ክልከላም ቦታ አለው፤ የተከለከለው ጥይቱ ነው እንጂ ዳክዬው አይደለም። ይህን ሳነብ የእሑዱን ጽሑፌን መልሼ አየሁትና አፈርሁ።

17ኛ። ክሩ በዚህ ያበቃል ስል አንድ በጣም የተቆጣ ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት ከድሃ ክንድ ደም እየቀዱ ወረቀት ማሳተም የተመራማሪ እንጀራ እንጂ የኢኑይት ጥቅም አይደለም፤ መለካት ምን አዳነ ብሎ ሁላችንንም አንተ፣ አንቺ እያለ ገሠጸ። አነጋገሩ ባያምርም ጥያቄው ውድቅ የሚደረግ አልነበረም።

18ኛ። የመለሱለት እንስሳት ሐኪሙ ናቸው፤ እርስዎ ማለታቸውን ሳይተዉ። እነዚህን መርዞች በዓለም ደረጃ ለማገድ የተጀመረው ድርድር በ1999 ናይሮቢ ላይ ሲካሄድ የኢኑይት ተወካይ ሺላ ዋት ክሉቲየር እናትና ልጅን የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ኃላፊ ለክላውስ ቶፕፈር አበረከተች። ከእጇ ያ ቅርጽ ብቻ ቢኖር ኖሮ ልብ ይነካ ነበር፣ ነገር ግን ድርድሩን አያሸንፍም ነበር አሉ፤ ከጎኑ የወተቱና የደሙ ቁጥር ነበረ። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መግቢያው ላይ አርክቲክንና ነባር ሕዝቦቹን ለይቶ ያነሣል፤ ሲጀምርም አሥራ ሁለት ኬሚካሎችን ያዘ። ኢትዮጵያ በ2003 አጽድቃዋለች፤ ለወባ ሲባል በዲዲቲ ላይ የተሰጠው ልዩ ፈቃድም በዚያው ስምምነት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅርጹ የተሰጠው በጎረቤታችን ከተማ ስለ እኛም ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኑናቪክ እናቶች ደም ውስጥ ያለው ፒሲቢ በብዙ እጅ ቀንሷል። የቀነሰው ሰዎቹ ምግባቸውን በከፊል ስለቀየሩም ጭምር መሆኑን ሳይሸሽጉ አክለዋል። የተቆጣው ሰው አልመለሰም።

19ኛ። ነርሷ ተመልሳ ደስታችንን አቀዘቀዘችው። አሮጌዎቹ ሲወርዱ አዳዲሶቹ እየመጡ ነው፤ እነዚያው የፋሮ ሐኪሞች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በደማቸው ብዙ ፒፋስ ያለባቸው ልጆች ከቴታነስና ከዲፍቴሪያ ክትባት በኋላ የሚያመነጩት መከላከያ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሜርኩሪም እንደ ፒሲቢ አልታዘዘም፤ በአንዳንድ እንስሳት ሲቀንስ በሌሎች ይጨምራል፤ በአርክቲክ አዳኝ እንስሳት ውስጥ ያለው ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሜርኩሪን ለመገደብ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት ከ2017 ጀምሮ ቢጸናም በ2018 የተባበሩት መንግሥታት ግምገማ መሠረት ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ 38 በመቶ ያህሉ የሚወጣው በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ወርቁን በሜርኩሪ ለቅመው ሜርኩሪውን ለማትነን ከሚያነዱት እሳት ነው፤ የድንጋይ ከሰል ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል። የጣት ቀለበት ወርቅ የት አገር እንደተነጠረ የሚጠይቅ ሙሽራ አላየሁም ብላ አበቃች። ከባድ ነገር ነው የተናገረችው፤ ማንም አልመለሰላትም።

20ኛ። የመጨረሻው ምላሽ የመምህርቷ ነው፤ በቀጥታ ለእኔ የተጻፈ። ስለ አሠራሩ ማንበባቸውን ነገሩኝ። የሰው ጠጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የእናቲቱን ጠጉር በየሴንቲ ሜትሩ ቆርጦ በመለካት በየትኛው የእርግዝና ወር ምን ያህል ሜርኩሪ እንደደረሰባት ማንበብ ይቻላል። አንድን ናሙና ለብዙ አገሮች ላቦራቶሪዎች ልከው፣ የየትኛው ሚዛን እንደሚያዛባ እርስ በርሳቸው ይፈታተሻሉ። ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው ግን የሲሉን ጮማ፣ የድቡን ጉበት፣ የእናቲቱን ደም ለአሥርተ ዓመታት በበረዶ ማቆየታቸው ነው፤ ስሙ ዛሬ የታወቀን መርዝ በ1980ዎቹ ናሙና ውስጥ ተመልሰው የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ከዚያ ጠየቁኝ፦ የእርስዎ ላቦራቶሪ ናሙናውን ምን ያደርገዋል?

ውጤቱ ከተመዘገበ ከሦስት ወር በኋላ እናስወግደዋለን ብዬ መለስሁ። ከተወገደው ውስጥ የዝዋይ ዓሣ ነበረበት ወይ ሲሉ ደግመው ጠየቁ። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ።